ወንድሜ የመረጠው ፕሪአምፕ

አሁን ባጃጅ እነዳለሁ። ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል እስከ ገበያ። የባጃጅ ሞተር ጆሮ አያሳርፍም። ተሳፋሪ ሲያወራኝ ግማሹን አልሰማም፤ ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንዳንዱ ሰው ያውቀኛል። «አንተ የኪሮስ ወንድም አይደለህም? ስቱዲዮው ተከፈተ?» ይለኛል። «አልተከፈተም» እላለሁ። ከዚያ ሞተሩ ብቻ ይጮሃል።

ኪሮስ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር ማለትን ገና አልለመድኩም። እኔ «አያ» ነበር የምለው። ሰቆጣ ውስጥ፣ በእናታችን ግቢ፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ድምፅ እንቀርጽ ነበር። እሱ ይቀርጻል፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ አስተካክላለሁ። የሰርግ ዘፈን፣ መዝሙር፣ የተማሪዎች ድራማ፣ የሽማግሌዎች ትረካ፣ በአማርኛም በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣኛም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ከቀረ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ሌላ ሥራ ይኖረኛል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ስለ ሥራ ዘመኑ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣ ነው። እኔ ገና ወጣት ነኝ። ግን ያ ሥራ አልቋል፤ ያለቀን ነገር ደግሞ ሳይረሳ መጻፍ ይሻላል። የምጽፈው በእናቴ ምክንያት ነው። የኪሮስ አርባ በወጣ ማግስት ጠራችኝ።

«ድምፁን አሰማኝ» አለችኝ።

«የማንን ድምፅ፣ እማ?»

«የልጄን ነዋ! የአገሩን ሰው ሁሉ ድምፅ ስታስቀምጡ አልነበር? የእሱን አውጣልኝ።»

 የእሱ ድምፅ አልነበረንም። ለምን እንዳልነበረን ለማስረዳት ሥራችንን ከመጀመሪያው መናገር አለብኝ።

ኪሮስ ሙያውን የተማረው ባሕር ዳር ነው። አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ገመድ እየጠቀለለ ገባ፤ ቀስ በቀስ ከመሣሪያው ፊት ተቀመጠ። ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ በእጅ የሚያዝ ማይክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ማይኩ የሚሰካባት አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሳጥን ይዞ መጣ። የክፍሏን ግድግዳ ገለባ በሞላንባቸው ጆንያዎች ሸፈንነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ከባትሪ እንሠራለን። የንግድ ፈቃድ ልናወጣ ስንሄድ፣ ንግድ ቢሮ ውስጥ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ልጅ «ድምፅ ቀረጻ የሚል መደብ አጣሁ» ብሎ ፎቶ ቤት አድርጎ መዘገበን። ለመታወቂያ ፎቶ ልንነሣ ነው እያለ የሚመጣ ሰው ነበር። ኪሮስ አይመልሳቸውም፤ «ፎቶ የለንም፤ ዘፈን ካላችሁ ግን ግቡ» ይላቸዋል። አንድ ሰውዬ ለፎቶ መጥተው የሙሉ ካሴት ያህል ፉከራ ሰጥተውን ሄደዋል።

ፕሪአምፕ የሚባለውን ነገር እንዲህ ብሎ ነበር ያስረዳኝ።

«ማይክ የሰማውን ያህል መናገር አይችልም። ከውስጡ የምትወጣው ጉልበት እጅግ ትንሽ ናት፤ ኮምፒውተሩ አይሰማትም። መሀል ገብቶ ከፍ የሚያደርጋት ያስፈልጋል። እሱ ነው ፕሪአምፕ።»

የእኛ ፕሪአምፕ በሰማያዊዋ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ከፍ የሚያደርግበት መጠን ጌይን ይባላል፤ ቁልፉን ወደ ቀኝ ስታዞረው ይጨምራል። ችግሩ፣ ቁልፉ የሚጨምረው የሰውዬውን ድምፅ ብቻ አለመሆኑ ነው። ፕሪአምፕ የራሱም ድምፅ አለው፤ ማንም ሳይናገር ከሥር ሽሽሽ የሚል። ጥሩው ላይ ጆሮህን ብትደቅንም አታገኘውም። የእኛዋ ሳጥን ግን ቁልፏ ከግማሽ ካለፈ ጤፍ በወንፊት የሚነፋ ይመስል ነበር።

የሰርግ ዘፋኝ ሲመጣ ችግር የለም፤ ይጮሃል፤ ቁልፉን መንካት እንኳ አያስፈልግም። ዝግ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ሲመጣ ነው ጭንቁ። በኽምጣኛ ሲሆን ይብሳል። ኽምጣኛ ከጉሮሮ ሥር የሚወጡ ድምፆች አሉት፤ ሽሽታው እነሱን ይበላቸዋል። አንድ ቀን አንድ ትረካ እያስተካከልኩ ሳለሁ እናቴ በበሩ ስታልፍ ሰማችና ቆመች።

«ሰውዬው ጥርሳቸው ረግፏል እንዴ?» አለች።

ሰውዬው ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። ኪሮስ በጣም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ሳጥኗን ብዙ ጊዜ አያት።

ስለ ልማዶቹ ልናገር። ወደ ክፍሉ የሚገባው ጫማውን አውልቆ ነው፤ እንግዳም ቢሆን ያወልቃል። ማይኩን የሚያስቀምጠው በወፍራም የሱፍ ካልሲ ውስጥ ነው። ካልሲው አንድ እግር ብቻ ነበር፤ ሌላኛው የት እንደገባ ስጠይቀው «እሱም የራሱን ማይክ እየፈለገ ነው» ይለኛል። ገመድ ሲጠቀልል ማንም እንዲያግዘው አይፈልግም። ሲበሳጭ አይናገርም፤ ሄዶ የተጠቀለለውን ገመድ ፈትቶ እንደገና ይጠቀልላል። ገመድ ሲፈታ ካየሁ አጠገቡ አልደርስም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት ኪሮስ ብቻውን ገብቶ በሩን ይዘጋና የባዶውን ክፍል ድምፅ ይቀርጻል። ምንም ሳይናገር። ይህን ለብቻው «ባዶ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ጥቅም አለው። በኋላ እኔ የሰው ሳል ወይም የወንበር ድምፅ ቆርጬ ሳወጣ ክፍተቱን የምሞላው በዚያ ዝምታ ነው። ካልሞላሁት አድማጩ ድንገት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ይመስለዋል። እሱ ውስጥ ሆኖ ዝምታውን ሲቀርጽ እኔ ውጭ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሥራዬ ሰውና ዶሮን ዝም ማሰኘት ነው። ዶሮዎቹ የእትዬ ዝማም ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው።

«ዛሬ ደግሞ ምን እየቀረጸ ነው?» ትለኛለች በሹክሹክታ።

«ምንም።»

«ምንም ለመቅረጽ ነው አውራ ዶሮ ያሳቀፍከኝ?»

ቀስ በቀስ ለመደች። ጣቴ ከንፈሬ ላይ መሆኑን ካየች ጫማዋን አውልቃ፣ ዶሮዋን አቅፋ፣ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ትቀመጣለች። ማንም ግን ጫማ አውልቂ አላላትም፤ ደግሞም ወደ ውስጥ አትገባም።

ሌላም ልማድ ነበረው። ዘፋኙ ሊጀምር ሲል ኪሮስ ማይኩ ላይ የሰውዬውን ስም፣ የመጣበትን አገር፣ ቀኑን ይናገራል። «እሺ፣ ቀስ ብለው ይጀምሩ» ብሎ ይጨርሳል። የቱ የማን እንደሆነ እንዳላምታታ ለእኔ ምልክት ነው። ከዚያ እኔ ያን ቆርጬ አወጣዋለሁ። «የእኛ ድምፅ በሰው ሥራ ውስጥ ምን ይሠራል?» ይል ነበር። ሥራዬን በደንብ ነው የሠራሁት። የእሱ ድምፅ ሳይቆረጥ ከክፍላችን የወጣ አንድም ቀረጻ የለም። ስልኬም ላይ የለም፤ እሱ ይደውላል እንጂ ድምፅ ቀርጾ አይልክም። የሰርግ ቪዲዮዎች ውስጥ ይታያል፤ ይስቃል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል። ላዩ ላይ ግን ዘፈን ተጭኖበታል።

ትልቁ ውድቀታችን ጋዝጊብላ ወረዳ ላይ ነው የደረሰው። አባባ ወልዱ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። የአካባቢውን አባቶች ስም በየተራ እየጠሩ በኽምጣኛ የሚያዜሙት ዜማ አለ፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የትኛውን መሬት እንዳቀና። ሙሉውን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። ልጃቸው እትዬ ትብለጽ ገበያ ወጥታ ኪሮስን አገኘችው። «አባቴ ደክመዋል። ሳያልፉ ቅረጽልኝ» አለችው። ሄድን። መኪናው ካቆመበት ጀምሮ የቀረውን መንገድ ዕቃችንን ተሸክመን በእግር ወጣን።

የአባባ ወልዱ ድምፅ ቀጭንና ዝግ ያለ ነው። ኪሮስ ሲሞክር ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው። ሽሽታው አለ፤ ከላዩ ግን እሳቸውም አሉ። «ይሁን» አለ። የሚያሳስበው ሌላ ነበር። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። በዚያ ዜማ የአባታቸው ወይም የአያታቸው ስም ሲጠራ ሴቶች እልል ይላሉ፤ ስም ተጠርቶ ዝም ማለት ሙቱን መናቅ ነው። ቁልፉ ደግሞ ለሽማግሌ ሹክሹክታ ነው የተከፈተው። ኪሮስ እጁን አጣምሮ ለመናቸው።

«እናቶቼ፣ ይቺ ዕቃ ለአባባ ድምፅ ነው የተስተካከለችው። እልል ካላችሁባት ድምፁ ይሰነጠቃል። ለዛሬ በሆዳችሁ እልል በሉ።»

«እሺ፣ በሆዳችን» አሉ። አንዷ «ሆዴ እልል ሲል ሰምተኸው አታውቅም፤ ከአፌ ይብሳል» አለችና ሁሉም ሳቁ። ግን ከልባቸው ነበር እሺ ያሉት።

አባባ ወልዱ ጀመሩ። አንድ ስም አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ከዚያ የገዛ አባታቸውን ስም ጠሩ፤ የትብለጽን አያት። ቅረጽልኝ ብላ የመጣችው እሷ ናት። ነጠላው ከአፏ ወደቀ፤ እልልታዋ ቤቱን ሞላው። ሌሎቹ ተከተሉ። ሳጥኗ ላይ ያለችው መብራት ቀይ ሆና ቀረች። ሽማግሌው ደስ አላቸው፤ ቀና አሉ፤ ድምፃቸው ተነሣ። እንደዚያ ያማረ ዜማ ሰምቼ አላውቅም። ግን የሰማሁት በጆሮዬ ነው እንጂ በማዳመጫው አይደለም። ኪሮስን አየሁት፤ አስቁማቸው ማለቴ ነው። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ቁልፉን ዝቅ ሲያደርገው ሽማግሌው ይጠፋሉ፤ ከፍ ሲያደርገው እልልታው ይሰነጠቃል። እስከ መጨረሻው ስም ድረስ እንደዚያ ሲያዞር ቆየ።

ሰቆጣ ተመልሰን ስንሰማው ግማሹ ሽሽታ፣ ግማሹ ስንጥቅጥቅ ነው። ድምፅ ከልኩ ሲያልፍ አናቱ ይቆረጣል፤ አንዴ ከተቆረጠ የሚመልሰው ነገር የለም። ለብዙ ቀን ታገልኩት። ስሞቹ አይለዩም።

«ለምን አላስቆምካቸውም፣ አያ?» አልኩት።

«ምን ብዬ? አያትሽ ሲጠራ ዝም በይ ብዬ?» ገመዱን እየፈታ ነበር። «እነሱ አላጠፉም። ዕቃው ነው ያልቻለው።»

ከዚያ ያስረዳኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ፕሪአምፑ ራሱ ዝምተኛ ከሆነ ጌይኑን ለእልልታው ብለህ ዝቅ አድርገህ ትይዘዋለህ። የሽማግሌው ድምፅ ትንሽ ሆኖ ይገባል፤ ግን ንጹሕ ነው። በኋላ የፈለግኸውን ያህል ከፍ ብታደርገው ሽሽታ ተከትሎት አይመጣም። ጫጫታም ያለበት፣ ሹክሹክታም ያለበት አገር የሚፈልገው ዕቃ እንደዚያ ያለ ነው።

በወልድያ አድርገን አዲስ አበባ ወረድን። የድምፅ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ሁለት ፕሪአምፖች ጠረጴዛው ላይ አደረገልን። አንደኛው ፊቱ ላይ መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ኋላ ቲዩብ የሚባል አምፖል ቢጫ ሆኖ ይበራል። ሌላኛው ግራጫ ብረት ነው፤ ከአንዲት ቁልፍ በቀር ምንም የለውም።

ባለሱቁ እኔን ማይክ ላይ አናገረኝ። በቲዩቡ ሲያሰማኝ ደነገጥኩ። የሬዲዮ ጋዜጠኛ መሰልኩ፤ ድምፄ ወፈረ፣ ሞቀ። በግራጫው ሲያሰማኝ እኔው ነኝ፤ አፍንጫዬ የታፈነ የሰቆጣ ልጅ።

«አያ፣ ቲዩቡን እንውሰድ» አልኩ።

ኪሮስ ከቦርሳው ካልሲውን አወጣ። ባለሱቁ «ምሳህን ነው?» አለው። ኪሮስ ማይኩን አውጥቶ በራሱ እጅ ሰካና «ጋሼ፣ እባክዎ ሬዲዮኑን ይዝጉልኝ። ለትንሽ ጊዜ ማንም እንዳይናገር» አለ። ጌይኑን ከፍ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሰው የድምፅ ዕቃ ሲመርጥ ድምፁን ይሰማል፤ ወንድሜ የሰማው ዝምታውን ነበር። መጀመሪያ የአንዱን፣ ከዚያ የሌላውን፣ ከዚያ እንደገና የአንዱን። ባለሱቁ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ከሰቆጣ ድረስ ዝምታ ልትገዙ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ፣ ጋሼ» አለ ኪሮስ። «ግራጫውን ይስጡን።»

አውቶቡስ ውስጥ አኩርፌ ነበር። ወልድያ ልንደርስ ስንል በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«ቲዩቡ ጥሩ ነው፤ ውሸት አልናገርም። ለሰርግ ዘፋኝ ጋቢ እንደ ማልበስ ነው፤ ያሞቀዋል። ግን ሁሉንም ያንኑ ጋቢ ነው የሚያለብሰው። ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። እኔ አባባ ወልዱን እሳቸውን ሆነው ነው የምፈልጋቸው።»

«የእኔስ ድምፅ? አፍንጫዬ ታፍኖ?»

«የአንተማ ሲታፈን ነው የሚያምር» አለና ተኛ።

ጋዝጊብላ ስንመለስ አባባ ወልዱ አልጋ ላይ ነበሩ። ዜማው ቀርቶ ድምፃቸው ራሱ ሄዷል፤ በሹክሹክታ ብቻ ይናገራሉ። ኪሮስ አልጋው ሥር ተንበርክኮ ማይኩን ያዘላቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ አሉ፤ ያለ ዜማ፣ በትንፋሽ። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ባለፈው የሆነውን ስለሚያውቁ ነጠላቸው አፋቸው ላይ ነው። ኪሮስ ቀና ብሎ አያቸው።

«እናቶቼ፣ ዛሬ ዕቃው ይችላል። እልል በሉ።»

መጀመሪያ ማንም አልደፈረም። ከዚያ ትብለጽ ጀመረች። እያለቀሰች እልል አለች። መብራቷ ቀይ አልሆነችም።

ዜማው ጠፍቷል፤ የሚመልሰው የለም። ስሞቹ ግን ሁሉም አሉ። ሰቆጣ ገብቼ እንደ ልማዴ የኪሮስን ንግግር ቆርጬ ካወጣሁ በኋላ ከፍ ሳደርገው የሽማግሌው ምላስ ከደረቀ ላንቃቸው ሲላቀቅ ይሰማል፤ የአልጋቸው ጠፍር ሲንቋቋ ይሰማል። እናቴን በበሩ ስታልፍ ጠርቼ አሰማኋት። ጥቂት አዳመጠችና «እኚህ እንኳ በእውነት ጥርስ የላቸውም» አለች። ኪሮስ እጁን አጨበጨበ። ምስክር ወረቀት ያገኘ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ በግራጫው ነው። ሁሉም አልወደደውም። አንድ የሰርግ ዘፋኝ «ድምፄን አቀጠናችሁት» ብሎ ተቆጥቶ ሄዷል፤ ኪሮስ ስንቁን የረሳን ሰው እንደሚጠራ ሁሉ «በዚችኛዋ ልቅረጽህ» እያለ ሰማያዊዋን ሳጥን እያሳየ ከኋላው ተጣርቷል። ሽማግሌዎች ግን ከጽጽቃ ድረስ መምጣት ጀመሩ። አሮጊቶች ተረት ነገሩን። ከሁሉም በፊት ግን ኪሮስ ብቻውን ይገባል፤ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ዝማም ዶሮዋን ታቅፋለች።

ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም። ደረቱ ነበር። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ። ከዚያ ዳገት ላይ መቆም ጀመረ። ሐኪም ቤት ተኛ፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ላኩት፤ ተመለሰ፤ እንደገና ተኛ። በመጨረሻዎቹ ወራት ሳሉ እንዳይገባ ብሎ ዘፋኝ ሲኖር ከክፍሉ ይወጣና መሣሪያውን ለእኔ ይተወዋል። ባዶውን ክፍል ግን ለማንም አልተወም፤ እስከ መጨረሻው ራሱ ነው የቀረጸው። በበሩ ላይ ቆሜ ዛሬስ ብዙ ቆየ እላለሁ። ሲወጣ ግንባሩ ላብ አለው።

እንግዲህ እናቴ ድምፁን አሰማኝ ስትለኝ ላፕቶፑን ከፍቼ ሁሉንም ሥራ ፈለግሁ። ምናልባት አንድ ቦታ ረስቼ ይሆናል ብዬ። አንድ «እሺ» እንኳ። የለም።

«የለም፣ እማ። የእሱን ቆርጠን ነው የምናወጣው።»

«ቆርጣችሁ የት አደረጋችሁት?»

«የትም። ይጠፋል።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ቤቷ ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክፍሉን ቆለፍኩና ባጃጅ ተቀጠርኩ።

ከወራት በኋላ እትዬ ትብለጽ መጣች። አባባ ወልዱ አርፈዋል፤ ተዝካራቸው ደርሷል፤ ስሞቹ እንዲሰሙበት ትፈልጋለች። የሰጠናት ቀረጻ ስልኳ ሲበላሽ ጠፍቷል። ቁልፉን ፈልጌ ክፍሉን ከፈትኩ። ጆንያዎቹን አይጥ ጀምሯቸዋል። ቀረጻውን ሳሰማት መሀል ላይ አንድ ሰው ሲያስነጥስ አለ፤ ያኔ ሳላየው አልፎኛል። ቆረጥኩት። ክፍተቱን ለመሙላት የዚያን ቀን «ባዶ» አወጣሁ፤ ኪሮስ አባባ ወልዱ ከመጀመራቸው በፊት አልጋው አጠገብ የቀረጸውን። በትክክል እንዲገጥም ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

ትንፋሽ ሰማሁ። የአባባ ወልዱ መሰለኝ። የእሳቸው ቀጭንና ፈጣን ነው፤ እሱም ከሩቅ አለ። ይሄኛው ግን ቅርብ ነው፤ ረጋ ያለ ነው፤ በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይቆማል። ከዚያ ሰውዬው ምራቁን ዋጠ። እኔ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ አልጋ ተኝቼ ነው ያደግሁት።

ትብለጽን እንዴት እንደሸኘኋት አላስታውስም። ተመልሼ ባዶዎቹን ሁሉ መክፈት ጀመርኩ። የሰማያዊዋ ሳጥን ዘመን የሆኑት ውስጥ ምንም የለም፤ ከፍ ሳደርጋቸው ጤፍ ይነፋል፤ ወንድሜ ከዚያ ሥር የሆነ ቦታ ተቀብሯል። የግራጫው ዘመን ሲጀምር ጤፉ ጸጥ አለ። እሱ አለ። በእያንዳንዱ ውስጥ ተቀምጧል። ጣቱ ጉልበቱን ሲያሽ፣ ሱሪው ሲንኮሻኮሽ፣ አንዴ ደግሞ ሳቅ ሲያፍን፤ ውጭ ዝማም አንድ ነገር ብላኝ ይሆናል። ወደ መጨረሻዎቹ ስደርስ ትንፋሹ መክበድ ጀመረ። እነዚያን ዘጋኋቸው። ቲዩቡን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማኝ እንደነበር አላውቅም። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ማኩረፌ ብቻ ትዝ አለኝ፤ ክርኑም።

ከሕመሙ በፊት ከሆኑት አንዱን መርጬ እናቴን ጠራኋት። ክፍሉ በግቢዋ ነው፤ ግን በበሩ ቆማ ከመስማት በቀር አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ማንም አላላትም። የኪሮስ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ማዳመጫውን ከሻሿ ላይ አደረግሁላት።

«ንግግር የለውም፣ እማ» አልኳት። «ዝምታ ነው። ግን እሱ ነው።»

ከፈትኩላት። ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ለብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ስህተት የሠራሁ መሰለኝ። ከዚያ እጇ ተነሥቶ ማዳመጫውን ያዘው።

«ሆዱ ጮኸ» አለች።

«እ?»

«ሆዱ። አልሰማህም?» ዓይኗን ገልጣ ተቆጥታ አየችኝ። «ምሳ ሳይበላ ነበር እንዴ የሚሠራው? አንተ የት ነበርክ?»

«ውጭ፣ በሩ ላይ።»

«ታዲያ ምሳ አታስገባለትም?»

«በሩ አይከፈትማ፣ እማ። ድምፅ ይገባል።»

እጇን አነሣች፤ ዝም በል ማለቷ ነው። እንደገና ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከዚያ ድንገት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ልክ እንደ ጋዝጊብላ ሴቶች።

«ብናገር ይገባበታል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አይገባም። ያለፈ ነው። ተናገሪ፣ እማ።»

ነጠላውን ከአፏ አወረደችና በኽምጣኛ ታወራው ጀመር። ቀስ ብላ፤ ከትምህርት ቤት ሲገባ ታወራው እንደነበረው። እኔ ተነሥቼ ወጣሁና በሩን ከውጭ ዘጋሁት።

እትዬ ዝማም በአጥሩ ክፍተት ብቅ አለች። «ተከፈተ እንዴ? ማን ነው ያለው?» ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ዞር ዞር ብላ አውራ ዶሮዋን ፈለገች፤ ያዘችው፤ አቀፈችው። ጫማዋን አውልቃ መጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።